ቢራቢሮና አራተኛው ግድግዳ

ቢራቢሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚያውቃት የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነበር። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አትችልም። ቀለም ያለው ነገር ካየች ደግሞ ሄዳ ሳትነካ አትመለስም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ቢራቢሮ ይላታል። የምትኖረው ከመንገዱ ጥግ ባለች ትንሽ የጣውላ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ አናጢ ነው፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከዚያ ቤት ወለል ላይ ወይ ሰጋቱራ ወይ ክር ጠፍቶ አያውቅም፤ ሁለቱም ምሳ ሳህን ውስጥ የተገኙበት ቀንም ነበር።

ቢራቢሮ መጠየቅ ትወዳለች። «ጥላ ለምን አይከብድም?» «ጨው ለምን አይበሰብስም?» አባቷ መልስ ሲያጣ «እናትሽን ጠይቂያት» ይላል። እናቷም መልስ ስታጣ «አባትሽ ያውቃል» ትላለች። ልጆች፣ መጠየቅ ጥሩ ነገር ነው። ይህችን ልጅ ችግር ውስጥ የከተታት መጠየቋ አልነበረም፤ ምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

አንድ ቀን እናቷ እየሳቀች ገባች።

«አባባ እኛ ጋ ሊኖሩ ነው!»

አባባ የእናቷ አባት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቢራቢሮ ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም የጠየቀቻቸውን ሁሉ ሳይሰለቹ ይመልሱላታል። የማያውቁት ሲሆን ደግሞ «እኔንም ይሄ ነገር ሲገርመኝ ነው የኖረው» ይሏታል። ብርድ ግን አይችሉም። ብርድ ሲነካቸው ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል። «መጥቼ ልሞክረው» ብለው ነበር መልእክት የላኩት። «ካልተስማማኝ ሞቃት አገር ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ።» ያ አገር የሁለት ቀን መንገድ ነው። ቢራቢሮ ይህን ስትሰማ እንዳይሄዱባት ፈራች።

ለአባባ የታሰበላቸው ክፍል በጓሮ በኩል ያለው ዕቃ ቤት ነበር። ግድግዳው ነጠላ ጣውላ ስለሆነ ነፋስ እንደ ቤተኛ ይገባል ይወጣል። አባቷ በውስጥ በኩል ሁለተኛ ጣውላ መታ። በሁለቱ ጣውላዎች መካከልም አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ተወ።

«ይሄን በጨርቅ እንሞላዋለን» አለ።

«ግድግዳም ልብስ ይለብሳል እንዴ?»

«ይለብሳል እንጂ። አንቺስ ሲበርድሽ ሹራብ አትለብሺም?»

«ሹራቡ ነው የሚያሞቀኝ ወይስ ራሴ ነኝ የምሞቀው?»

አባቷ መዶሻውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መዶሻ ተይዞ አይመለስም።

«ሙቀቱ ያንቺ ነው። ሹራቡ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። በክሩ መሃል አየር አለ። አየሩ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ስለዚህ ጨርቁን በጣም አትጠቅጥቂው፣ ላላ አድርጊው። ግን ከታች እስከ ላይ ባዶ ቦታ እንዳትተዪ። ባዶ ካገኘ ብርዱ ገብቶ ይከትማል።»

ሥራው ተከፋፈለ። አባት ጣውላ ይመታል። እናት ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ታመጣለች። ቢራቢሮ እጇ ቀጭን ስለሆነ ክፍተቱን ትሞላለች። ከሁሉ ደስ የሚለው ደግሞ የክፍሉን ቀለም የምትመርጠው እሷ መሆኗ ነው! የክፍሉ መስኮት ትንሽ ናት፤ ፀሐይ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጎራ ትላለች። ስለዚህ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ መረጠች።

«ጨለም ያለ ክፍል እንዲህ ያለ ቀለም ይወዳል» አለች አፏን ሞልታ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ አባቷ።

«አባባ ናቸዋ!»

አንደኛውን ግድግዳ ሞላች። ሁለተኛውን ሞላች። ሦስተኛውንም ሞላች። ጨርቁ የኮትና የሱሪ ትርፍራፊ ነበር፤ ወይ ግራጫ ነው ወይ ቡኒ ነው። አራተኛው ግድግዳ ብቻ ቀረ። የአባባ አልጋ ራስጌ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቢራቢሮ የመጨረሻውን ጆንያ ፈታች።

ወይ ጉድ! ሐር ነበረበት። ለስላሳ የከፋይ ጨርቅ ነበረበት። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ! አንዱን ከፋይ አንስታ ጉንጯን አሻሸችበት።

«ይሄ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ሊቀበር?» አለች ለራሷ። «ማን ያየዋል?»

ልጆች፣ «ማን ያየዋል» የምትል ሐሳብ ስትመጣባችሁ ተጠንቀቁ። በክፉ መንገድ እጃችሁን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት።

ቢራቢሮ ግራ ቀኝ አየች። ከካርቶን ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደደች። ካርቶኑን ከላይ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋ ክፍተቱ ውስጥ ወተፈችው። በላዩ ላይ ጥቂት ጨርቅ ደለደለች። ከካርቶኑ በታች ባዶ ነበር። የቀረውን ጨርቅ ወስዳ አልጋዋ ሥር ደበቀችው። አባቷ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይ ተመለከተ።

«ሞልቷል! ጎበዝ ልጅ!» አለና የመጨረሻዋን ጣውላ መታት።

ቢራቢሮ ባዶውን ጆንያ ማጣጠፍ ጀመረች። «ጎበዝ» መባል ሌላ ጊዜ እንዴት ይጥማት ነበር! ዛሬ ግን ቀና ብላ አባቷን ማየት አልቻለችም።

ግድግዳው ቢጫ ተቀባ። ቢራቢሮ ከደበቀችው ጨርቅ እያወጣች፣ ቀዩን ከሰማያዊው፣ ሐምራዊውን ከአረንጓዴው እያጋጠመች ለአባባ ክፍል መስኮት መጋረጃ ሰፋች።

«ከየት አመጣሽው?» አለቻት እናቷ።

«ተርፎ ነው።»

አያችሁ? አንዷ ጥፋት ብቻዋን መኖር ስለማትወድ ውሸትን ጎረቤት አደረገቻት።

አባባ የመጡ ዕለት በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ቢጫውን አዩ። መጋረጃውን በጣቶቻቸው ዳሰሱ።

«አርባ ዓመት ቤት ስቀባ እንዲህ ያለ ክፍል ለራሴ ይደርሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ክፍሉ ላዩ እንዲህ አማረ፤ ውስጡን ለቄስ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ኩሽና ውስጥ ምድጃው ጥግ ተቀምጠው ተገኙ።

«በርዶዎታል አባባ?» አለች ቢራቢሮ።

«ትንሽ። ግን የሚገርም ነገር አለ» አሉ። «መስኮቱ ጋ ስቀመጥ ደህና ነኝ። በሩ ጋ ደህና ነኝ። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ግን አንገቴን ብርድ ይልሰኛል። ግድግዳው ይሁን አጥንቴ ይሁን ለይቼ አላወቅሁም።»

«እንዴት ነው የሚታወቀው?» አለች ቢራቢሮ።

ጥያቄው ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጠችው። ያመል ነገር!

አባባ ፊታቸው በራ። «ጥሩ ጠየቅሽ! እናትሽ ብርድ ሲነካው የሚረጋ የፀጉር ቅባት አላት አይደል? አምጪልኝ። አራት የጠርሙስ ክዳንም ፈልጊ።»

ቅባቱን አቅልጠው በአራቱ ክዳኖች ቀዱት። በየግድግዳው ሥር አንድ አንድ አስቀመጡ።

«ነገ ጠዋት እናያለን» አሉ አባባ። «አንዱ ከረጋ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፤ አባትሽ ያበጀዋል። አራቱም ካልረጉ ግን ጥፋቱ የኔ እርጅና ነው። ያን ጊዜ እህቴ ጋ መሄድ ነው እንጂ ምን ይደረጋል።»

በማግስቱ አባባ ክዳኖቹን ከማየታቸው በፊት ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ቢራቢሮ ቀስ ብላ ገባች። ፈርታለች፤ ግን ሳታይ መቅረትም አልቻለችም። አንደኛው ክዳን ውስጥ ያለው ቅባት ውሃ መስሏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ግን ነጭ ሆኖ ረግቷል። በጣቷ ብትጫነው እምቢ አለ።

ትገረሙ ይሆናል፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። «እውነትም ይሠራል!» አለች። ወዲያው ግን ነገሩ ታያት። አባቷ ጣውላውን ይነቅላል። ካርቶኑ ይወጣል። መጋረጃውም «ተርፎ ነው» ያለችውም ይጋለጣል። በዚህ ጊዜ የአባባ ኮቴ ከጓሮው ተሰማ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት።

ቢራቢሮ ክዳኑን በሁለት መዳፏ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። እፍ፣ እፍ፣ እፍ አለችበት። ቅባቱ ቀለጠ። ቦታው መልሳው ቆመች።

አባባ ጎንበስ ብለው አራቱንም አንድ በአንድ አዩ።

«አንዱም አልረጋም» አሉ በመጨረሻ። «ግድግዳው ምን በደለ? እኔው ነኝ።»

ከአልጋው ሥር ሻንጣቸውን ሳቡ።

ቢራቢሮ ደርቃ ቀረች። ክዳኑን ስታሞቅ ያሰበችው ከቁጣ ማምለጥን ብቻ ነበር። አባባን የሚያስሄዳቸው የሷ እጅ እንደሚሆን አላሰበችም። አባባ ሸሚዛቸውን እያጣጠፉ፣ «አባትሽን አመስግኚልኝ። ለፍቶ የሠራልኝን ቤት እርጅናዬ ከለከለኝ» አሉ። ምንም ያላጠፋ ሰው ራሱን ሲወቅስ መስማት እንዴት እንደሚያም! ቢራቢሮ ወደ አባባ ጠጋ አለች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አለች በልቧ።

«አባባ፣ እርጅናዎ አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«አራተኛው ረግቶ ነበር። እኔ ነኝ በእጄ ያቀለጥኩት።»

አባባ የያዙትን ሸሚዝ አስቀመጡ። «ለምን?» አሉ።

ቢራቢሮ እድሜዋን ሙሉ «ለምን» ስትል የኖረች ልጅ፣ ይህን አንዱን ለመመለስ እንባዋን መጥረግ ነበረባት። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ጆንያውን፣ ካርቶኑን፣ «ተርፎ ነው» ያለችውን። አንዲት ነገር አላስቀረችም።

አባቷና እናቷ ተጠሩ። አባቷ አልጮኸም። ሚስማር መንቀያውን አምጥቶ የላይኛዋን ጣውላ ነቀለ። አዲሱ ቢጫ ቀለም ተፋቀ፣ ተላጠ። ካርቶኑን አውጥቶ አየው፣ አየውና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«የከፋኝ ጨርቁ አይደለም» አለ። «ከላይ አይቼ 'ሞልቷል' ያልኩት አንቺን አምኜ ነው።»

ከሁሉ በላይ ያስለቀሳት ይህ ነው። «ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ» አለች።

«አድርጌልሻለሁ። በይ አሁን ሙዪው።»

ቢራቢሮ አልጋ ሥር የቀረው ጨርቅ ግማሹንም አልሞላም። እናቷ መጋረጃውን አየች፤ ልጇንም አየች። አንጀቷ አልቻለም።

«መጋረጃውን ተዪው። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨርቅ አመጣለሁ» አለች።

«እስከዚያ አባባ እየበረዳቸው ሊተኙ?» አለች ቢራቢሮ።

ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን አወረደች። ክሩን ተረተረች። ቀዩ ገባ። ሰማያዊው ገባ። ሐምራዊው ገባ። በጉንጯ ያሻሸችውን ከፋይ ስትይዝ ትንሽ አመነታች፤ አልዋሻችሁም፣ አሳሳት። ከዚያ እሱንም ለቀቀችው። ላላ እያደረገች፣ ባዶ ቦታ ሳትተው እስከ ላይ ሞላችው። አባቷ መሰላል ላይ ወጥቶ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ፈተሸና ጣውላዋን መልሶ መታት። ቢራቢሮ አልከፋትም። እንደ ድሮው እስኪያምናት ጊዜ እንደሚወስድ ገብቷታል።

አባባ እስኪያልቅ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

«ቀለም ዓይን ያሞቃል፤ አጥንት ግን አያሞቅም» አሉ። «ይሄን ሳልነግርሽ የቀረሁት የኔ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዝም ብለሽ ብትሸኚኝ ኖሮ ሞቃት አገር ገብቼም ይበርደኝ ነበር።»

«ለምን?»

«አንቺ የለሽማ!»

በማግስቱ ጠዋት ቢራቢሮ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ አባባ በር ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች። አባባ አልወጡም። ቁርስ ቀረበ። አባባ አልወጡም። ጎህ ሲቀድ መነሣት ልማዳቸው ነበርና ፈራች። ሮጣ እናቷን ጠራች። እናቷ በሩን በቀስታ ገርበብ አደረገችና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ለልጇም እንድታይ ቦታ ለቀቀችላት።

አባባ እያንኮራፉ ተኝተዋል። ሞቋቸው ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፍተው ወለል ላይ ጥለውታል።

ልጆች፣ ሰው የማያየውን እግዚአብሔር ያያልና፣ ማንም በማያየው ቦታ የምትሠሩትንም ሥራ በእውነት ሥሩ፤ ካጠፋችሁም ሳትደብቁ ቶሎ ተናገሩ።