የዓይናዲስ ዲስክ

ደግሰው ሰቆጣ በሚገኘው ቪዲዮ ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ተንጋሎ ነበር። የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ ፊቱን አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ የእህቷን ሠርግ የቀረጸው እሱ ነበር።

«ንጋቱ ነው!» ስትል የደግሰው ሚስት ማንጠግቦሽ ጮኸች። «ትናንት ተጣልተዋል!»

ሠራተኛው ንጋቱ አንገቱን ደፋ። «ባሕር ዳር ልሄድ ነው ስለው ተቆጣኝ እንጂ አልተጣላንም። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ምሳ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ወድቆ አገኘሁትና ጮህሁ።»

ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጡት ሽማግሌ ገብረ አምላክ ደጅ ላይ ኩርምት ብለዋል። ልጃቸው ዓይናዲስ ወደ ሳውዲ ስትሻገር ባሕር ላይ ቀርታለች። የቀራቸው በዘመድ ሠርግ ስትጨፍር የተቀረጸችበት ሲዲ ነበር፤ እሱም ተሰበረ። ደግነቱ ደግሰው ቀድሞ ሲዲውን እንዳለ አንድ ፋይል አድርጎታል። ፋይሉ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ሲዲ የገባለት ይመስለዋል፤ «ዓይናዲስ» የሚል ዲስክ ብቅ ይላል። ሽማግሌው በየገበያ ቀኑ እየመጡ ያይዋታል። ደግሰውም ለእሳቸው ሲል ዲስኩን ዘግቶት አያውቅም።

«አባባ፣ እርስዎስ መቼ መጡ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ጠዋት። መብራት ሳይሄድ ልጄን አየኋትና ገበያ ወረድሁ። ጩኸት ሰምቼ ነው የተመለስሁ። እሱም ሞተ፣ የልጄም ዲስክ ጠፋ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

ጥሩሐረግ ኮምፒውተሩን ስትፈትሽ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም አስገብታ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ንጋቱ፣ መብራት ሲሄድ ዲስኩ ምን ይሆናል?»

«ከስክሪኑ ይጠፋል። ፋይሉ ግን አለ፤ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ማንጠግቦሽ፣ ይህን ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ ከፍቼላቸዋለሁ!»

«ኮምፒውተሩ እንደገና የተነሳው ስምንት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ደግሰው በሕይወት ነበር፤ ያስነሳው እሱ ነው። እናንተ ሁለታችሁ ዲስኩን ብታጡት አትደነግጡም። ጠዋት አይቶት የሄደ ሰው ደግሞ እንዳለ ነው የሚያውቀው። ከጩኸቱ ወዲህ መጀመሪያ ንጋቱ፣ ኋላም ፖሊስ ማንንም ከደጅ አላሳለፉም። ዲስኩ ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እዚህ ቆሞ ስክሪኑን ያየ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ለምን?»

ሽማግሌው እንባቸው ቀደማቸው። «ዳግም ልያት ብዬ ተመለስሁ። የለችም። ‹አጠፋሃት ወይ?› ስለው ሳቀ! ገፋሁት... መግፋት ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«የሳቀው ነገሩ ቀላል ስለሆነ ነበር፣ አባባ።»

ንጋቱ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አደረገው። ዓይናዲስ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ብቅ አለች፤ «አባዬ፣ ና እንጂ!» ስትል ተጣራች። ማንጠግቦሽ እሪ አለች።

ገብረ አምላክ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«ዝጉልኝ» አሉ። «በምን ዓይኔ ልያት?»