የሚዜው ክንድ

በ1995 ዓ.ም. ጥር፣ ከይጁቤ ወጣ ባለች ቀበሌ አንዲት እናት አንድያ ልጇን ዳረች። ሙሽራዪቱ የብርጓል ትባላለች፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቷ ፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊ ነበረች። በሰልፍ ሰዓት ፊት ወጥታ «ሳትመረመሩ እንዳትጋቡ!» ስትል ወንዶቹ «እሺ፣ ዶክተር!» እያሉ ያሽሟጥጧታል። እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ለራሷም ጋብቻ በመጣ ጊዜ ልብስ ጌጥ አላለችም፤ የጠየቀችው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ሙሽራው እንዳላማው ሁለት ዓመት መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ቆይቶ የተመለሰ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። እሷ ማክሰኞ ተመርምራ ከቫይረሱ ነፃ መሆኗ ተነገራት። እሱም ቅዳሜ ከሚዜው ከአለበል ጋር ጤና ጣቢያ ወርዶ ወረቀቱን ከነማኅተሙ አመጣ። የብርጓል ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስሙ የእሱ ነው፤ ውጤቱ «ነፃ» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ?

በእነሱ አገር ሚዜ አጃቢ ብቻ አይደለም። ለሙሽራዋ ወንድም ሊሆን ይምላል፤ ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለእሱ ነው። አለበልም በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእናቴ ልጅ ናት። እሷን የነካ እኔን ነካ!» አለ። የብርጓል ወንድም አልነበራትምና በደስታ አለቀሰች። ምስኪን! ያ እንባ ለማን እንደፈሰሰ ብታውቅ ኖሮ…

በዓመቱ አረገዘች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ሰጠች፤ ነርሷ በሩን ዘግታ እጇን ይዛ ቫይረሱ በደሟ መገኘቱን ነገረቻት።

«ስህተት ነው፣ እህቴ! ባሌ እኮ ወረቀት አለው!»

ቤት ስትደርስ እንዳላማው መደብ ላይ ተኝቶ ያስላል። ሁለቱን ወረቀቶች ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ክንዱ የእኔ አልነበረም» አለ።

«የማን ነበር?»

«የአለበል። መርፌ እፈራለሁ፣ አንተ ካልተሸከምክልኝ ማን ይሸከምልኛል አልኩት። በስሜ ገብቶ ተወጋልኝ።»

«መርፌ ትፈራ ነበር?»

«መርፌውንስ አይደለም…»

ትታው አልሄደችም። እያጠበች፣ እያገላበጠች፣ ሴት ልጃቸውን ዜማን በተገላገለች በስድስተኛው ወር ቀበረችው። ለአራሷና ለሕፃኗ የተሰጠው መድኃኒት ግን ሠርቶ፣ ዜማ ከበሽታው ነፃ ሆና አደገች። ከዚያ ሁሉ መከራ መካከል ይህች አንዲት ምሕረት ተረፈች።

በአርባው ተዝካር፣ እድምተኛው በልቶ ሳይነሣ፣ አማቷ ወለተ ሰንበት ደረታቸውን እየመቱ ቆሙ።

«ተማሪ ናት ብለን ሞት አስገባን! ስለዚያ በሽታ ስትለፈልፍ የኖረችው ከየት አውቃው ነው? ልጄ ወረቀት ነበረው! ከቤቴ ትውጣልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ወደ የብርጓል ዞሩ። እሷም ልጇን ታቅፋ፣ ሳትጮህ፣ «ሚዜዬ አለ። እሱ ይናገር» አለች።

ሰው ሁሉ አለበልን አየ። አለበል የጓደኛውን እናት ጥቁር ልብስ አየ፤ የሟቹን ስም አሰበ፤ የራሱን ስም ደግሞ ከሁሉ አብልጦ አሰበ። የጋቢውን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ፣ «እኔ የማውቀው የለም» አለ።

ባል ከዳት። ባል ግን ፈሪ ነበር፤ ፍርሃቱንም በሞት ከፈለ። ወንድም ሲክድስ ወዴት አቤት ይባላል? የብርጓል ልጇን አዝላ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት ደብረ ማርቆስ በነፃ መሰጠት ጀምሯል ሲባል ሰማች፤ ሁለት ጊዜም ሄደች። በሦስተኛው ጊዜ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አንዲት ሴት «ባሏን የገደለችው ይቺ ናት» ብላ ስትጠቁማት ነጠላዋን ተከናንባ ተመለሰች። ዳግመኛ አልሄደችም። ሳል ያዛት፤ ከሳች፤ አልጋ ላይ ቀረች።

በ1998 የአለበል ሰርግ ደረሰ። እጮኛው ወረቀት ጠየቀችው። መርፌው ያንኑ ክንድ በወጋው ቀን እህል ከአፉ አልገባ አለ። በማግስቱ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የብርጓል ደጃፍ ተደፋ።

«ማሪኝ፣ እህቴ! ስለ ማርያም!»

«ድንጋዩን አውርደውና ቅረብ» አለች ከአልጋዋ። «እጅጌህን ሰብስብ።»

ሰበሰበ። በከሳ ጣቷ ወፍራሙን ክንዱን ዳሰሰችው፤ ጤነኛ፣ ሙቅ፣ የገበሬ ክንድ።

«ይህ ነው የዳረኝ» አለች። ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «ድንጋዩን እዚህ ያመጣኸው የሚያይህ ሰው ስለሌለ ነው። ወደ አማቴ ውሰደው። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ተናገር። ልጄ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብላ እንዳታድግ!»

«ምሬሃለሁ በይኝና ልሂድ…»

«ተናግረህ ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ አለበል በደጀ ሰላሙ ቆሞ እጅጌውን ሰብስቦ ተናገረ። ወለተ ሰንበት መቋሚያቸውን ጥለው በባዶ እጃቸው ወደ የብርጓል ቤት መንገድ ጀመሩ፤ እሱም ተከተላቸው። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲያጋምሱ ዋይታ ሰሙ።

ሲደርሱ ዜማ የእናቷን እናት እግር ይዛ ቆማለች። ወለተ ሰንበት መሬት ላይ ወድቀው ሕፃኗን አቀፉ፤ «ልጄ! ልጄ!» እያሉ አፈር ነሰነሱ። አለበል ደጃፉ ላይ፣ ያኔ አውርዶ እዚያው ከተወው ድንጋይ አጠገብ ቀረ። የብርጓል መልሱን ይዛበት ሄዳለች።

ለቀስተኛው «ዕድሏ ነው» ይባባል ነበር። እናቷ ግን ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦ «ዕድል ክንድ የለውም፤ ልጄን የገደላት ክንድ ያለው ነው።»