የእሳት እራቷ ምረቃ

በጨረቃ ላይ ባለችው አዲስ ጮራ ከተማ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች የሚራመዱት እግራቸው ላይ የብረት ደጋፊ አስረው ነው። የሚገረም የለም። ሁሉም የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በከተማዋ ምሥረታ በዓል ነው። ያሳደገቻቸው ደግሞ ሞግዚት ናት፤ ፅንስን በመስታወት ማህፀን የምታሳድግ ማሽን። ባረጀች ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት አዛወሯት።

አሁን ሞግዚት የምትጠብቀው ኮኩን ነው፤ የሐር ትል ከአፉ ክር እያወጣ ራሱን የሚጠቀልልበት ሽፋን። ከምድር በበረዶ ታሽጎ ከመጣው እንቁላል ሁሉ የተፈለፈለችው አንዲት ትል ብቻ ናት። ልጆቹ ጉሎ ዘርተው፣ ቅጠሉን እየቀጠፉ አብልተው አሳደጓት። ምሕዋር የምትባል ልጅ «እርጎዬ» ብላ ስም አወጣችላት።

«እኛ መሮጥ ባንችልም እርጎዬ ትበርልናለች» ትላለች ለጓደኞቿ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጥጋቡ ግን ምረቃ ደገሰ። ትሏ የእሳት እራት ሆና ከኮኩኑ ለምትወጣበት ምረቃ! ባነር ተሰቀለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ የክብር እንግዳ ተጠራ። የክብር እንግዳው አቶ ልሳኑ ሥራቸው ሪባን መቁረጥ ነው። ሌላ የሚያውቁት ነገር ካለ እስካሁን አልታየም።

ንግግሩ ተነበበ፣ አለቀ። ኮኩኑ ንቅንቅ አላለም።

«ምን ሆና ነው?» አለ አቶ ጥጋቡ ላቡን እየጠረገ።

«ቀኗ አልደረሰም» አለች ሞግዚት።

«ዛሬ ነው ብለሽ የለም እንዴ?»

«ዛሬ ሳይሆን አይቀርም ነው ያልኩት። 'ሳይሆን አይቀርም' የሚለውን ከፕሮግራሙ ላይ የሰረዙት እርስዎ ነዎት።»

መምህርት ዘርፌ ከልጆቹ መሃል ተነሳች። «ጋሼ ጥጋቡ፣ ትጠበቅ እንጂ! ምን ያስቸኩላል?»

«እንግዳው ቆመው ይጠብቁ? ለትል?»

አቶ ልሳኑ በትሪ የቀረበላቸውን መቀስ አነሱ። የኮኩኑን ሐር አዩት። ክር ነው፤ ክር ደግሞ ይቆረጣል፤ እሳቸው ከዚህ በላይ አያስቡም። «በይፋ ተከፍቷል!» ብለው ቀደዱት።

«ኧረ ተዉ!» ብላ ጮኸች ምሕዋር። ጩኸቷን ጭብጨባው ዋጠው።

እርጎዬ ወጣች። ክንፏ ገና አላለቀም ነበር፤ ተጨምቆ እንደተጣለ ጨርቅ ጎኗ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄማ ለስርጭት አይሆንም» አለ ዝግጅቱን የሚቀርጸው ባለካሜራ፤ ወዲያው ብርሃነ-ምስሉን አበራው፤ አየር ላይ የሚንሳፈፍ የብርሃን ሥዕል ነው። ወርቅ የመሰለች ግዙፍ የእሳት እራት በአዳራሹ ጣሪያ ስር በረረች። እንግዶቹ አንጋጠው አጨበጨቡ። እንባውን የጠረገም ነበር። እውነተኛዋ እግራቸው ስር ስትንፏቀቅ አንድም ሰው ዝቅ ብሎ አላየም። አቶ ልሳኑ ሊረግጧት ሲሉ ምሕዋር ብረቷን እያንቋቋች ደረሰችና አነሳቻት። እንግዶቹ የብርሃኗን የእሳት እራት ተከትለው ወደ ምሳው ሄዱ።

«ሞግዚት፣ ትበራለች?»

«አትበርም። ክንፏ ሳያልቅ ቀደዱባት።»

ምሕዋር እርጎዬን እጇ ላይ እንደያዘች ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ብረት አየችው።

«እኛስ? እኛ ስንወጣ ቀናችን ደርሶ ነበር?»

«አልደረሰም። በዓሉ ነው የደረሰው።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለትልልቆቹ ነግሬ ነበር። በዓል ላይ ነበሩ።»

«ማን ቆረጠን?»

ሞግዚት ትሪው ላይ ወደተጋደመው መቀስ ዞረች። «መቀሱ ያው ነው» አለች።

መምህርት ዘርፌ ወደ ትሪው ሄደች። መቀሱን አንስታ ቆሻሻ መፍጫው ውስጥ ከተተችውና ወንበሯን ስባ ልጆቹ መሃል ተቀመጠች።

አቶ ጥጋቡ በበሩ ብቅ አለ። «ልጆች፣ ፎቶ! ቶሎ በሉ! እንግዳው እየጠበቁ ነው እኮ!»

ምሕዋር እርጎዬን ጉሎ ቅጠል ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«ይጠብቁ» አለች ቀና ሳትል።