ማንም እንዳይገባ

ሬሳው ፒያኖው ላይ ተደፍቷል። የቀኝ እጁ ጡጫ ወፍራም ድምፅ ከሚሰጡት መምቻዎች ላይ አልተነሣም። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ላይ ያሉት አንባቢዎች እንዳይረበሹ ተብሎ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተለብጧል። እዚያ ውስጥ ሰው ቢጮህ የሚሰማው የለም፤ በወለሉ አልፎ ላይ የሚደርሰው ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ወለሉ በተነር፣ በቀለም ማቅጠኛ፣ ርሷል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

ሟቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ሙዚቃ በነፃ የሚያስተምር ሰው ነበር። አስም ነበረበት። የአስም መንፊያው ላይ ቤት፣ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብሎ በሩን አየ። ተቆልፎ የነበረው ከውጭ ነው፤ ተነሩም የፈሰሰው ከውጭ፣ በበሩ ሥር ነው። ሃምሳ አለቃው ሃያ ዓመት ወንጀል ሲፈለፍል፣ እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች በዲግሪ እየዘለሉት ሲሾሙ የኖረ ሰው ነው። ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ።

«ዘበኛው ነው። በሩን የከፈተው እሱ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውም እሱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና እልካለሁ፤ ጭነህ ላከው። ደግሞ እንዳትፈላሰፍ!»

«እሺ ጌታዬ» አለ። እሺ ማለት የለመደ አፍ አያመውም።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

ፒያኖ፡እየተቃኜ፡ነዉ፡ማንም፡እንዳይገባ፡ዘበኛዉ

በሰዓቱ ሕንፃው ውስጥ የነበሩትን አራት ሠራተኞች የንባብ አዳራሹ ውስጥ አስቆልፎባቸዋል። የመስኮቶቹ ፍርግርግ ድመት አያሳልፍም። አራቱም በየጠረጴዛቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲያስል ሦስቱ ይደነግጣሉ። ከራሳቸው በላይ «ጸጥታ፡ይከበር፡፡ ኃላፊው፡፡» የሚል ማስታወቂያ አለ። በየተራ ወደ መደርደሪያዎቹ ጀርባ ጠራቸው።

መጀመሪያ መጽሐፍ አዋሷ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ከወለሉ ሥር ዷ! ዷ! ማለት ጀመረ። አንባቢው ተነጫነጨብኝ። ወረድኩ፣ ወረቀቱን አነበብኩ፣ ተመለስኩ።»

«አላንኳኳሽም?»

«እየተቃኘ ነው ይላላ! እኔ እኮ በሩ ላይ ቆሜ...» ወለሉን አየች። «ለካ እየጠራኝ ነበር።»

«ጽሕፈቱ የማን መሰለሽ?»

«የመሃይም ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ተሳስቷል። ኃላፊያችን ዶክተር ቢያዩት ራሳቸውን ይስታሉ። የኔን ደብዳቤ እንኳ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ የለም እያሉ ይመልሱብኛል። ዛሬ ሁለት ነጥብ የሚያደርግ ማን አለ? አንድ እሳቸው ቀሩ።»

ቀጥላ የሥዕል አስተማሪዋ መጣች፤ ሳይጠይቃት ጀመረች።

«ተነሩ የኔ ነው! ጣሳው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ማንም ያነሣዋል። አዎ፣ ተጣልተን ነበር። ከበሮ ሲያስደልቅ የኔ ተማሪዎች የሣሉት አፍንጫ ሁሉ ጠመመ። ሰው በዚህ ይገደላል?»

«መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?»

«'ሰኞ በዶክተር ሽልማት ላይ የምናገረው አለኝ' አለ። የአዛውንቶችን ዜማ የሰበሰቡበት መጽሐፋቸው ሰኞ ይሸለማል።»

ዶክተር የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል፣ ሃምሳ አለቃ?»

«ስምንተኛ።»

«እንግዲያው በቀላሉ ላስረዳህ። ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ አንብበው፤ አለቀ። እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

የዲግሪ ወረቀት ያለው ሰው ሌላውን ተራ ወረቀት ያደርገዋል። ሃምሳ አለቃው ዘበኛውን አስጠራ።

ሽማግሌው ዘበኛ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ መጣ።

«አባባ፣ በሩን ለምን ከፈቱት?»

«መምህሩን ፈልጌ። አሥር ሰዓት ላይ ሁሌ... እንገናኛለን።»

«ለምን ጉዳይ?»

ሽማግሌው ጋዜጣውን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ።

«ወረቀቱን አይተውታል?»

«አይቻለሁ።»

«ማንም እንዳይገባ ይላል እኮ።»

ሽማግሌው ጋዜጣውን ጨመደደው። «እሰረኝ፣ ልጄ።»

«ገድለዋል?»

«አልገደልኩም። ግን እሰረኝ። ልጄ አስተማሪ ናት፤ 'አባቴ መጽሐፍ መሃል ነው ያረጀው' እያለች ትኮራለች። ነፍሰ ገዳይ ብትለኝ እችለዋለሁ። ያኛውን ግን አልችለውም።»

ሃምሳ አለቃው ተመልሶ ምድር ቤት ወረደና የፒያኖውን ወንበር ክዳን ከፈተ። ከኖታዎቹ ሥር አንድ ደብተር አገኘ። በሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ጽሕፈት ሀ ሁ ሂ እያለ ሄዶ «መ» ላይ ያበቃል። ከጎኑ ያለፈው ቅዳሜ ቀንና የመምህሩ ቀይ ብዕር፦ «ጎበዝ አባባ!»

ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው። ሽማግሌውን ከእስር ለማዳን ሰው ፊት ራቁቱን ማቆም ግድ ነበር።

አሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ሰበሰባቸው።

«ይህን ወረቀት ያነበበ ሁሉ ተመልሷል። ታዝዞ፣ ጨዋ ሆኖ። አንድ ሰው ብቻ አልታዘዘም። ለምን?» ወደ ዘበኛው ዞረ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ።

«አልታዘዘም፣ ምክንያቱም ማንበብ አይችልም። መምህሩ ከተማሪዎቹ በኋላ ፊደል ያስቆጥራቸው ነበር። ገና አራተኛው ፊደል ላይ ናቸው። 'ፒያኖ' ብሎ መጻፍ ቀርቶ...»

«ሃያ ሁለት ዓመት ጋዜጣ ሲያነቡ!» አለች መጽሐፍ አዋሷ።

«ሥዕሉን አያለሁ» አለ ዘበኛው ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሰው ሲመጣ ገጽ እገልጣለሁ።»

የሳቀ የለም።

«ገዳዩም እንደናንተ ተታሏል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ያልተማረ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት አስቦ፣ ፊደል እያበላሸ ጻፈ። አእምሮው አበላሸ፤ እጁ ግን ልማዱን አልረሳም። በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ! በዚህ ቤት ይህን የሚያደርገው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ቀና ብለው ማስታወቂያውን አዩ።

«በሁለት ነጥብ ሰው ሊታሰር ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ሌላ ሰው ነጥቡን አስመስሎ ሊወነጅልዎ ቢፈልግ፣ የዘበኛውን ስም አይጽፍም ነበር። ደግሞም ፖሊሶቼ ቢሮዎን ፈትሸዋል። ወረቀቱ የተቀደደው እዚያ ካለ ደብተር ነው፤ ጫፍና ጫፉ ገጥሟል። መሳቢያዎ ውስጥ የመምህሩ ኖታዎች አሉ፤ ከአዛውንቶቹ አፍ እየሰማ የመዘገባቸው፣ እርስዎ በስምዎ ያሳተሟቸው። ሰኞ ሊናገር የነበረው ይህንን ነው።»

«እኔ ባላሳትመው ማን ያነብለት ነበር?» ዶክተሩ ብድግ አለ። «የቅዳሜ ዘፋኝ! አንድ ወረቀት የሌለው!»

የተናገረውን ሲሰማ ራሱ ደነገጠ። ተቀመጠ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጣው መኪና እሱን ጭኖ ሄደ።

ሴቶቹ ወጡ። ሽማግሌው አልተነሣም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን አሁንም የተቆለፈበት ይመስላል።

«ነጻ ነዎት አባባ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ከምኑ?» አለ ዘበኛው።

ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ስም ማንበብ ስለማይችል ሁልጊዜ ገምቶ ነው የሚያነሣው፤ ዛሬ ግን መገመት አላስፈለገውም።

«አባዬ! አባትሽን አሰሩት ሲሉኝ እኮ...»

«አልታሰርኩም። ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ።» ትንፋሹን ሳበ። ሃምሳ አለቃው ሊወጣ ሲል በእጁ አስቆመው፤ ብቻውን ሊለው አልቻለም። «ስሚኝማ ልጄ። እናትሽ የሞተች ጊዜ ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አራት ገጽ። አነበብኩት ብዬሽ ነበር።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ምን ነበር የሚለው?»