የእትዬ አምሳለ ጣቶች

ወይዘሮ አምሳለ የተገኙት በጨርቅ መጋዘኑ ወለል ላይ ተንጋለው፣ ደረታቸው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ የጨርቅ ጥቅል እንደተጫናቸው ነው። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ጀርባ ባለችው የቲሸርት መስፊያ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲመርጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ጨርቅ ገደላቸው ተባለ። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያገኝ እንዴት ይወዳል! ኢንስፔክተር ጫልቱ በሩ ላይ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ይህንኑ እየተቀባበለው ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ገና ሳይገባ፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባለቤቱ አቶ ላቀው፣ መጋዘን ያዡ መዝገቡ እና የሟቿ ረዳት ናፍቆት። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ መዝገቡን አስሮ አግዳሚ ላይ አስቀምጦታል። ጥቅሎቹን የሚደረድረው እሱ ስለሆነ በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተብሏል።

ጫልቱ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ካለው ቁስል የወረደው ደም አንገታቸው ላይ ደርቋል። ነጠላቸውን ገለጥ ስታደርግ አንገታቸው ላይ፣ ከጥቅሉ የተቆረጠ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ተሸጉጦ አገኘች። ቀስ ብላ አነሳችው። ከስሩ ያለው ደም ጥቁር ብሎ ደርቋል፤ ጨርቁ ግን አንድ ጠብታ አልነካውም። ከዚያ እጃቸውን ገልብጣ አየች። የጣቶቻቸው ጫፍ በሙሉ በትንንሽ የእሳት ጠባሳ ተበልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ክብሪቱ ነው» አለ ላቀው። «ድብልቅ የመሰላቸውን ጨርቅ ክሩን መዘው ያቃጥሉታል። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ካለበት ቀልጦ ይጠጥራል።»

«ጣታቸው እስኪቃጠል?»

«እንግዲህ ለሥራቸው ያላቸው ፍቅር ነዋ!»

ጫልቱ ቀና ብላ አየችው። አንዳንድ ሰው ፍቅር የሚለው ነገር ያናድዳል።

«ዋናው ምርጫ ግን በምንድን ነበር?»

ላቀው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አፋተገ። «በነዚህ! ቲሸርት ማለት አንገቱ ነው፤ ሕፃን ልጅ አንገቱን ከከረከረው እናቱ ሁለተኛ አትገዛም። እሳቸው ታጥቦ የሚደነድነውን ሳይታጠብ ያውቁታል። በር ዘግተው ነው የሚመርጡት፤ ጥቅሉን ከምትይዝላቸው ከናፍቆት በቀር ማንም አይገባም።»

«ሰሞኑን ከማንም አልተጣሉም?»

«ኧረ በፍጹም! እንዲያውም መካኒሳ ሁለተኛ መስፊያ ልከፍት ነውና ናፍቆትን መራጭ ላድርጋት ወይ ብዬ ትናንት ጠይቄአቸው ነበር። ‹እጇ ገና ጥሬ ነው› አሉኝ፤ ተውኩት።»

መዝገቡ እንባው ጢሙን አርሶታል። «እኔ ነጩን ከላይ አልደረድርም፣ ልጄ። አቧራ ስለሚይዝ ሁልጊዜ መሃል ነው የማደርገው። አራት ልጅ አለኝ፤ እኔ ከታሰርኩ ማን ያበላልኛል?» እሱንም በምን እንደሚመርጡ ስትጠይቀው የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ጣቶቹን አፋተገ። «በር ሳይዘጉ በፊት እኔም አያቸው ነበር። ጣታቸው ጉድ ነው!»

ናፍቆት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል። «ጣታቸው ተሳስቶ አያውቅም» አለች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጥቅል ያዥ ነኝ።»

ጫልቱ የሟቿን ቦርሳ ፈተሸች። መነጽር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የስኳር በሽታ ክትትል ካርድ። ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሦስቱንም ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ጠራቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ እንዳይንሸራተት የሚጭኑባቸው አምስት ብረቶች ተደርድረዋል።

«እትዬ አምሳለን ጥቅል አልገደላቸውም» አለች። «ለስላሳ ጨርቅ ቢጫንም የራስ ቅል አይሰነጥቅም። እነዚህን ብረቶች እዩዋቸው። አራቱ የጨርቅ ብናኝ ለብሰዋል፤ አምስተኛው ታጥቧል።»

«አምላኬ!» አለ ላቀው።

«ገዳዩ ከመታቸው በኋላ ጥቅሉን ጎትቶ ጫነባቸው፤ ጨርቅ ሲፈትሹ የወደቀባቸው እንዲመስል ደግሞ ቁራጭ አንገታቸው ላይ ሸጎጠ። ራሳቸው አልሸጎጡትም፤ ቢሆን ኖሮ ደሙ ያርሰው ነበር። ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው የተቀመጠው። አሁን ንገሩኝ፣ ጨርቅ ለመፈተሽ አንገት ምን ያደርጋል? ሦስታችሁም በጣታቸው ነው ብላችሁኛል። ገዳዩ ጋሽ መዝገቡ ወይም አቶ ላቀው ቢሆኑ ኖሮ ቁራጩን ጣታቸው መሃል ያስይዟቸው ነበር።»

ጫልቱ የክትትል ካርዱን አነሳች።

«የእትዬ አምሳለ ጣት ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል። ካርዱ ላይ ‹ስኳሩ ነርቫቸውን ጎድቶ ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል› ይላል። ክብሪቱ ሲያቃጥላቸው የማይሰማቸው ለዚህ ነው። በር የዘጉትም ለዚህ ነው። አቶ ላቀው ይህን ቢያውቁ አንድ ቀን አያቆዩዋቸውም። ጣት ከደነዘዘ ጨርቅ የሚሰማው የአንገት ቆዳ ነው፤ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አድርገው ሲሞክሩ የምታይ አንድ ሰው ብቻ ነበረች። እዚህ ካርዱ ላይ አስታማሚ ተብላ የተጻፈችው እሷ ናት። እሷም ጣታቸው አይሳሳትም ብላ ዋሸችኝ። ናፍቆት፣ ሦስት ዓመት ያየሽውን እጅሽ ሳታስቢው ደገመው።»

ናፍቆት አላለቀሰችም።

«አንገታቸውም ለይስሙላ ነበር» አለች። «አንገታቸው ላይ አድርገው ‹እንዴት ነው?› ይሉኛል። እኔ ዳስሼ እነግራቸዋለሁ፤ ወጥተው ‹ይሄ ይለፍ፣ ያ ይመለስ› ይላሉ። ጣታቸው እኔ ነበርኩ! ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ፣ የደበቅኩላቸው እኔ። ‹ታገሺ፣ ቦታው ያንቺ ነው› ሲሉኝ አመንኳቸው። ከአቶ ላቀው ሰምቼ ዛሬ ጠዋት ለምን ጥሬ ነች አሉ ብዬ ብጠይቃቸው ‹አንቺ ከሄድሽ እኔ ምን እሆናለሁ?› አሉኝ። ይሄንኑ ብቻ። ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ጫልቱ ካቴናውን ከመዝገቡ እጅ ፈትታ ናፍቆት እጅ ላይ አደረገችው። መዝገቡ እጁን እያሻሸ ቆመ፤ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጠቆረ።

ላቀው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር… ከመሄዷ በፊት… ዛሬ የሚቆረጥ ጨርቅ ይኸው ጠረጴዛው ጥግ አለ፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ነው። ሌላ የሚያውቅ የለኝም። አንዴ ብቻ ብትነካው…»

«አያፍሩም?» አለች ጫልቱ። «ሬሳው እኮ ገና አልተነሳም!»

ናፍቆት ግን የታሰሩ እጆቿን ዘርግታ የጨርቁን ጫፍ ይዛለች። አሸችው፣ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፣ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሦስቱም እጇን እያዩ ጠበቁ።

«ድብልቅ ነው» አለች። «ሁለቴ ከታጠበ ልጆቹን ያሳክካቸዋል። መልሱት።»

መዝገቡ ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ ውጭ አወጣው። ማንም አልተከራከራትም።