የዓርቡ ልኬት

ስልኩ ሲጮህ ኢፍራህ ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱን ድልድይ በባጃጅ እየተሻገረች ነበር። የደወለላት ግሩም ነው፤ በነርስነት የምትሠራበት የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ። የስኳር ታካሚያቸው አቶ ሰይፈ ሚካኤል እኩለ ቀን ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው መገኘታቸውን፣ ፖሊስ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታቸው መግባቱን፣ ሲስተር ስምረትም ለምርመራ መያዟን ነገራትና ቶሎ ድረሺ አላት።

መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። «ስምረት» እና «ተያዘች» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ስትሰማ፣ ደረቷ ውስጥ ለወራት ጠብቆ የቆየ ነገር ላላ። ወዲያው አፈረች። ግን ላልቷል።

ድርጅቱ ነርሶቹን በየወሩ ይመዝናል። በሰዓቱ መድረስ፣ ቅጹን አሟልቶ መሙላት፣ ታካሚው የሚሰጠው ምስክርነት፣ ሁሉም ነጥብ አለው፤ ውጤቱም ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰባት ወር ሙሉ ስምረት አንደኛ፣ ኢፍራህ ሁለተኛ። ልዩነቱ አንዳንዴ ሁለት ነጥብ ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ። ሁለተኛነት ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆኖባት ነበር፤ ትራመዳለች፣ ግን ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም።

በዚያ ላይ ማንም የማያውቀው ነገር ታውቅ ነበር። ያለፈው ዓርብ ስምረት ወደ እህቷ ልጅ ክርስትና ስትሄድ፣ ለቤተሰቡ ሳይነገር ኢፍራህ ተተክታ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ዘንድ ሄዳ ነበር። ጣታቸውን ልትወጋ ስትይዘው ተጣበቀባት። ከቦርሳዋ የውኃ ጠርሙስ አውጥታ አጠበችውና ለካች፤ መቶ ሠላሳ አንድ። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ቀናት ግን ስምረት ቅጹ ላይ የጻፈችው በሙሉ ከሦስት መቶ በላይ ነበር። ምክንያቱ ወዲያው ገባት፦ ስምረት ሳታጥብ ነው የምትለካው። ለስምረት መደወል ነበረባት። አልደወለችም።

ቤቱ ስትደርስ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ኢንስፔክተር ዳሃቦ፣ መነጽሯን ሻርፗ ላይ የሰካች አጭር ሴት፣ ባዶው ወንበር ፊት ቁጢጥ ብላ የእንጨቱን ክንድ በስልክ መብራት ትመለከታለች። ሟቹ በባቡር ጥገና ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ወንበሩንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው ይባላል። በግራው ክንድ ላይ ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ ይወጣል። ዳሃቦ ወደ ቀኙ ዞረች፤ እዚያ አንድም የለም። ዳሃቦ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ኢፍራህን በረንዳ ላይ እንድትጠብቅ ነገረቻት።

በሩ ላይ ያለው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

መጀመሪያ የተጠየቀችው የሺአረግ ናት፤ የሟቹ ብቸኛ ልጅ። አባቷን ለማስታመም ማስተማሯን ከተወች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቱን ስለዘጋው ከሻይ በቀር አልቀመሰም አለች። ነርሷ ከመምጣቷ በፊት ፊቱንና እጁን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ታደርጋለች። ስምረት ሁለት ሰዓት ላይ መጣች፣ ለካች፣ ወጋችው፣ ሄደች።

«ደግ ነርስ ናት?» አለች ዳሃቦ።

«አባዬ እንደሷ የሚወደው ሰው የለም» አለች የሺአረግ። ድምጿ ውስጥ ያለውን ነገር ኢፍራህ ከበረንዳው ሆና ለየችው፤ የራሷ ድምፅ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ግሩም። እሱ ሳይጠየቅ ነው የሚያወራው። ከዚህ ወር ጀምሮ የታካሚ መሻሻል ነጥብ እንደሚያስገኝ፣ ስለዚህ ስምረት መነሻውን ሆን ብላ ከፍ አድርጋ ኋላ ዝቅ ልታደርገው እንዳሰበች፣ ሐኪሙም በዚያ የውሸት ቁጥር ተታልሎ እሑድ ዕለት የኢንሱሊኑን መጠን በስልክ እንዲጨመር ማዘዙን አስረዳ። ዳሃቦ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን ቅጽና እሱ ለሐኪሙ የላከውን ሪፖርት ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ቅጹ ላይ እስከ እሑድ ሰባት ልኬት አለ። ሪፖርትህ ላይ ስድስት።»

«የዓርቡን ነው ያወጣሁት። ስህተት ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። አሠራራችን ነው፤ የማይሄደውን እናወጣለን። ኢፍራህም ላይ ነጥብ ቀንሼባታለሁ።»

«የማይሄደው እሱ ብቻ ከሆነ፣ እኔ የምጀምረው ከሱ ነበር» አለች ዳሃቦ።

አያይዛም የታካሚ ምስክርነት እንዴት እንደሚሰበሰብ ጠየቀችው። ግሩም ባለፈው ወር እዚሁ ሳሎን መጥቶ አቶ ሰይፈ ሚካኤልን ጤንነታቸው የማን ውለታ እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር። «የስምረት፤ እሷ ባትኖር እስካሁን ተቀብሬ ነበር» አሉት። ደስ ብሎት ጮክ ብሎ ደገመላቸውና ጻፈው። የሺአረግ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር? አዎ፣ መሰለው። ልብ አላለም።

ስምረት ስትገባ ዓይኗ አብጧል። ቁጥሮቹን መለኪያው ያሳያትን እንጂ ከራሷ እንዳልጻፈች ማለች። የምትወጋው የግራ እጅ የቀለበት ጣት ነው፤ የቀኙ ጣቶች በብረት ሥራ ደንድነው ደም አይወጣቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአንድ ወር በፊት፣ ስኳር ያለው ሻይ ጣታቸው ላይ ፈሶ ቁጥሩ ስለዘለለ አስታጥባ እንደገና ለክታ ነበር። ሳህኑን የያዘችላት የሺአረግ ናት።

በመጨረሻ ዳሃቦ ኢፍራህን ጠራቻት።

«ዓርብ የጻፍሽው ትክክል ነው፣ አባዮ?» አለቻት፤ እንደ ድሬ ሰው «እህቴ» ማለቷ ነው።

«ትክክል ነው።»

«የሌላው ቀን ለምን ከፍ አለ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ከተናገረችው ስምረት ትድናለች፤ ዓርብ ዕለት አውቃ ዝም ማለቷም ይወጣል።

«አላውቅም። ስምረትን ጠይቂያት።»

ዳሃቦ መልሷን ጻፈችው። ከዚያ ሁሉም በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ እንዲገኙ አዘዘች።

በማግስቱ ወንበሩ ያው ቦታው ላይ፣ ጉንዳኖቹም ያው ክንድ ላይ ነበሩ። ስምረት በአንዲት ፖሊስ ታጅባ ገባች። ግሩም ፋይል ታቅፏል። የሺአረግ ጥቁር ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። ዳሃቦ ቆማ ነው የተናገረችው።

«የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አስለክቻለሁ። የጎደለው ሐኪሙ ያዘዘውን ያህል ነው፤ ማንም አስበልጦ አልወጋም። ሆስፒታሉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ስኳሩ በእውነት ሦስት መቶ የሆነን ሰው ይህ መጠን አይገድለውም። መቶ ሠላሳ የሆነን፣ ያውም ያልበላን፣ ይገድለዋል። ስለዚህ የሰውየው ስኳር መጀመሪያም አልወጣም።»

«አላልኩም?» አለ ግሩም።

«ቆይ። ስምረት ፈጥራ ጽፋለች ነው ያልከው። መለኪያው ግን የለካውን በቀንና በሰዓት ያስታውሳል፤ ከፍቼ አየሁት። የጻፈችው እሱ ያሳያትን ነው። ስኳሩ ካልወጣ፣ መለኪያውም ካልተበላሸ፣ የቀረው ጣቱ ነው።» የወንበሩን ክንድ ጠቆመች። «ትናንት ስገባ ጉንዳን አየሁ። በግራ ብቻ። ጣፋጭ በልቶ ቢሆን ቀኝ እጁ ይቆሽሽ ነበር። ድሬ ውስጥ በግራ እጁ የሚበላ ሽማግሌ እስቲ አሳዩኝ። ግራውን ሌላ ሰው ነው የቀባው፤ የሚወጋው የግራ ጣት መሆኑን የሚያውቅ፣ ጣት ላይ ያለ ስኳር መለኪያውን እንደሚያታልልም ያየ ሰው።»

ዳሃቦ ሁለት ጣቷን አነሣች።

«ሁለቱንም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስምረትና የሺአረግ።» ወደ ስምረት ዞረች። «ቅጹ ላይ ‹እጅ በውኃ ታጥቧል› በሚለው ሳጥን ውስጥ ከዓርብ በቀር በየቀኑ ምልክት አድርገሻል። ሳቢያን ውኃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆነው። በምን አጠብሽ?»

«በአልኮል ጠረግኩት» አለች ስምረት። «ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ነጥብ ይቀነሳል። ውኃ እስኪቀዳ ብጠብቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ቤት እዘገያለሁ።»

«የውኃው ጄሪካን ጓዳ ነበር፤ አሥር እርምጃ። አንድ ጊዜ ብታጥቢው ኖሮ ሰውየው ዛሬ እዚህ ነበር። ይህን ለፈቃድ ሰጪው እጽፋለሁ። የነፍስ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ግሩም እንደሚለው ለነጥብ ብለሽ የቀባሽው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ወይም የሺአረግ። የሚለያችሁ አንድ ቀን ነው፤ ዓርብ። ዓርብ ዕለት ስምረት እዚህ አልነበረችም፣ የሺአረግም እንደማትመጣ አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት እጁ ተቀብቶ ከነበረ ስምረት አይደለችም። ካልነበረ ዛሬ ይዤ የምሄደው ስምረትን ነው። እጁን የያዘች አንዲት ሴት አለች።»

ሁሉም ወደ ኢፍራህ ዞሩ።

ስምረት ግን አላየቻትም፤ ወለሉን ነበር የምታየው፣ ከኢፍራህ ምንም እንደማይጠብቅ ሰው። ያ ነው ኢፍራህን ያናደዳት። በዚህ ሁኔታ እንኳ አትለምናትም። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም፤ ግሩም በሚቀጥለው ወር ከላይ የሚጽፈው ስም ደግሞ የሷ ይሆናል።

«ተጣብቆ ነበር» አለች ኢፍራህ። «ግራው። ቀኙ ንጹሕ ነበር። በያዝኩት ውኃ አጥቤው ነው የለካሁት።»

ስምረት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

የሺአረግ ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። ጨርቁን ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ ትነክረው እንደነበር ራሷ ተናገረች። «ቁጥሩ እንዲበላሽ ነው የፈለግኩት። ታካሚዋ ከባሰበት ያነሷታል ብዬ። አሥራ አንድ ዓመት ገላውን ያጠብኩት እኔ፣ ያነሣሁት እኔ፣ ስድቡን የጠጣሁት እኔ። ቅጹ ላይ ግን የኔ ስም የሚጻፍበት መስመር የለም።»

«ሰኞ ጠዋት ስምረት መጠኑ መጨመሩን ስትነግራችሁ የት ነበርሽ?» አለች ዳሃቦ፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«እዚህ።»

«መርፌውን ስትሞላስ?»

«እዚህ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን አባዬ እሷን እያየ እየሳቀ ነበር። እሷ ፊት ‹እኔ ነኝ› ልበለው? እሱ ሲሰማ?» እጆቿን ተመለከተች። «ትንሽ ቢያዞረው ነው ብዬ ዘጋሁት።»

ፖሊሷ ክንዷን ስትይዛት አልታገለችም። ዳሃቦ ማስታወሻዋን ገልጣ ኢፍራህን ጠየቀቻት፤ ለመዝገቡ መጻፍ አለበት።

«ዓርብ ዕለት ምክንያቱን ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

ኢፍራህ ብዙ መልስ ነበራት። ግሩም ልኬቷን ስህተት ብሎታል። ስምረት ስልክ አታነሣም። ሥራ በዝቶባት ነበር። አንዱም ዳሃቦን እንደማያልፍ ስታውቅ ተወችው።

«ስምረት ስትወድቅ ማየት ፈልጌ ነው።»

ስምረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ አመሰግናለሁም አላለች፣ አልሰደበቻትምም። በሩ ጋ ደርሳ የነበረችው የሺአረግ ግን መጋረጃውን በትከሻዋ እንደገፋች ቆመች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም አይቷት በማያውቀው ዓይን ኢፍራህን አየቻት።

«አንቺም?» አለቻት።

ኢፍራህ መካድ ትችል ነበር። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ፖሊሷ የሺአረግን ይዛ ወጣች። ዳሃቦ ቃሉን ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ኢፍራህ ፊት አኑራ የምትፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻት።