እንቁላል የሆነው ማህተም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ውሸት ቢገኝበት የዘንድሮ ቡናዬ በአበባው ይርገፍ! ቡና እንደሌለኝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በእግዜር፣ ዝም ይበል።

በ1976 ክረምት ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመክበዱ የተነሳ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ዶሮዎች ዋና ለምደው ነበር። አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የቡና ገበሬ መመዝገቢያ ጽሕፈት ቤት ፎቶ አንሺ ወልደሰማያት በጨለማ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ቀይዋ አምፖል እንደበራች፣ የሻይ ኩባያው ከጎኑ እንደተገለበጠ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሸዋረገጥ ለሥራ ወደ አጋሮ ሄዳ ስለነበር ጅማ የገባችው በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሸዋረገጥ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቡና ለቅማለች። ከኩንታል መሃል አንዷን የነቀዘች ፍሬ ለይታ ታወጣለች፤ ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ ጥቁሯ ፍሬ አፍራ በራሷ ትወጣ ነበር ይባላል።

ሐኪሙ ቃሉን ልኮ ጠበቃት። ሰውየውን የገደለው ለቡና በሽታ የሚረጨው መድኃኒት ነው፤ የተገኘውም ሚስቱ በፔርሙስ በምታመጣለት ሻይ ውስጥ ነው።

«በዚያ ጨለማ ቀለሙ አይታየውም» አለች ለራሷ ክፍሉን እየዞረች። «ፎቶ የሚታጠብበት ኮምጣጤም አፍንጫውን አደንዝዞታል።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ እሱባለው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ጉዳዩ እኮ አልቋል፣ ሃምሳ አለቃ። ታይፒስቷ ናት፣ ባህሪያ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

በዚያን ዘመን በዚያ መኪና የተሳፈረ ሰው መቼ እንደሚመለስ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ማስረጃው?» አለች ሸዋረገጥ።

ጓድ እሱባለው አንድ ፎቶ ዘረጋላት። ከጽሕፈት ቤቱ መጋዘን የቡና መድኃኒት የወሰደ ሰው የሚመዘገብበት ዝርዝር ነው። በግራ በኩል አራት ስሞች በታይፕ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ወልደሰማያት፣ ሸኩር፣ ባህሪያ፣ ከሁሉም በታች ሽበሺ። በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ አንዲት የእርሳስ ምልክት፣ ከሥሯም የጽሕፈት ቤቱ ማህተም አለ። መስመር ግን የለውም። ወረቀት የሚባዛበት ስቴንስል ሲሰመርበት ስለሚቀደድ፣ የዚያ ቤት ሰው ዝርዝር የሚያነበው ማስመሪያ አጋድሞ ነው። ሸዋረገጥም አጋደመች። ማስመሪያው ባህሪያ ስም ላይ አረፈ።

«ዋናው ወረቀትስ?»

«ጠፍቷል። ግን ወልደሰማያት ነፍሱን ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም ወረቀት በፊልም ያነሳ ነበር። ይህንን ዛሬ ጠዋት ረዳቱ ሽበሺ ከፊልሙ አጠበልን።»

የሟቹ ሥራ እንዲህ ነበር። ገበሬው ስንት እግር ቡና እንዳለው የሚሞላው ፎርም በፊልም ተነስቶ፣ ፎቶው ታጥቦ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያ ፎርም የሚያነብ ማሽን አለ። ማሽኑ ታዲያ ባለ ጠባይ ነው፤ ፎርሙ ትንሽ ከተንጋደደበት የሰቃውን ገበሬ ቡና ላጋሮው ይሰጣል፤ ሦስት ጊዜ ከተንጋደደበት ያስነጥሳል አሉ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ወረቀት እንደ ቂጣ ያቆለምማል። ወልደሰማያት የተጣመመውን የሚያቃናው ፎቶ ማጉያው ሥር ነው። ምስሉ ከላይ ወርዶ የሚያርፍበትን ሰሌዳ በአንድ ጎኑ የክብሪት ቀፎ ሸጉጦ ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ባለው ጎን ምስሉ ይጠብባል። አንድ ቀፎ፣ ሁለት ቀፎ እያለ ምስሉን ቀጥ ያደርገዋል። በዚህ ጥበብ ስሙ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰምቶ ነበር።

ሸዋረገጥ ሚስቱን ወይዘሮ ተናኘን አስጠራች።

«ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ!» አለች ተናኘ ገና ከመቀመጧ። «እሰሩኝ! ግን መጀመሪያ ያቺን ታይፒስት ጠይቋት። በየማታው ኮቱን አሸት ነበር።»

«ምን ሸተተዎት?»

«ኮምጣጤ!»

«ባህሪያ የምትቀባው ኮምጣጤ ነው እንዴ?»

ተናኘን በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። «ከዚህ ክፍል ጋር ነው ለካ ስቀናበት የኖርኩት! ምን ዓይነት ጅል ነኝ!»

«ፔርሙሱን የት አስቀመጡት?»

«እንደ ሁልጊዜው። ከጨለማው ክፍል ውጭ፣ ረዳቱ ጠረጴዛ ላይ። ማንም ሲያልፍ የሚነካው ቦታ ነው።»

ቀጥሎ የመጋዘኑ ሹም ጋሽ ሸኩር ገቡ። ነጭ ቆባቸውን እያስተካከሉ ተቀመጡ።

«ዓርብ ለጁምዓ ስሄድ ዝርዝሩን በር ላይ እሰቅላለሁ፣ ልጄ። መድኃኒት የፈለገ ይወስዳል፣ በስሙ ትይዩ ምልክት ያደርጋል። ይኸው ነው ደንባችን፤ ስንት ዓመት ሠርተንበታል። ባለፈው ዓርብ ስመለስ አንድ ጠርሙስ ጎድሏል፣ አንድ ምልክት አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ልክ ነው አልኩ። የማን ምልክት ነው ብዬ አላየሁም።»

«ሁሉም ነው የሚወስደው?»

«ጓሮው ቡና ያለው ሁሉ። ጅማ ደግሞ ጓሮው ቡና የሌለው ማን አለ?» (እኔን አላወቁኝም።)

ባህሪያ ስትገባ አላለቀሰችም። ተቆጥታለች።

«ዋላሂ አልወሰድኩም! ማሎ፣ እኔ የምኖረው ቦሳ አዲስ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። በረንዳ እንኳን የለኝም። አልጋዬን ልርጭበት?»

«ታዲያ ማን ነው የሚጠላሽ?»

«እኔ እንጃ። ሽበሺ ከሰኞ ጀምሮ ሰላምታ ነስቶኛል። ‹እንኳን ደስ ያለሽ፣ የጀርመን ሙሽራ› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ላይ ትቆማለች፤ ሃምሳ አለቃ፣ ስወሰድ እንዳታየኝ አድርጊልኝ።»

ሸዋረገጥ ይህን ሰምታ በቀጥታ ወደ ጓድ እሱባለው ሄደች። «ጀርመን ምንድን ነው?»

«ኧ፣ እሱ! ምሥራቅ ጀርመን የአንድ ዓመት ትምህርት መጥቶ ነበር፤ ለአንድ ሰው። የሠራተኛውን ዝርዝር ማህተም አድርጌ ለወልደሰማያት ሰጠሁት። መርጦ ሰኞ ጠዋት አሽጎ ላከው። ማንን እንደመረጠ እኔም አላውቅም፤ ቅጂው ፊልሙ ላይ አለ።»

መጨረሻ የገባው ሽበሺ ነው። ቀጭን፣ ጣቶቹ በፎቶ መድኃኒት የጠቆሩ፣ ሲናገር ዓይኑን ከማጉያው የማይነቅል ሰው።

«ስንት ዓመት አብረኸው ሠራህ?»

«ስድስት።»

«ማቃናቱንስ አስተማረህ?»

«ምን ያስተምረኛል! መጋረጃውን ዘግቶ ነው የሚሠራው። እኔ ትሪ አጣቢ ነኝ። ‹ወልደሰማያት አቃናው› ይባላል፤ ‹ሽበሺ ትሪ አጠበ› የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ?»

ሸዋረገጥ ብቻዋን ስትቀር ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ አፈጠጠችበት፤ ጣቷ በልማድ ቡና እንደሚለቅም ይንቀሳቀሳል። ለቃሚ መጀመሪያ የምታየው ቅርጽ ነው፤ ክቧን ፍሬ ከጠፍጣፋዋ ትለያለች። በግራ ያለው ፊደል ወፍራም ነው፤ በቀኝ ያለችው ምልክት ቀጭን። ከዚያ ጣቷ ማህተሙ ላይ ቆመ። ክብ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በጨለማው ክፍል ሰበሰበች። ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ሽማግሌውን ፎቶ አንሺ አባቦራን አስመጥታለች። ቀይዋ አምፖል በርታ የሁሉም ፊት የበሰለ ቡና መስሏል።

«ጓድ እሱባለው፣ ማህተሙን ይዘዋል?»

«ማህተም ከቢሮ አይወጣም!»

«ለዚህ ነው ከነእርስዎ ያመጣሁት። ክብ ነው ወይስ እንቁላል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ክብ ነው እንጂ!»

ማህተሙን ተቀብላ ፎቶው ላይ ባለው ማህተም ላይ አስቀመጠችው። አልገጠመም። «እዚህ ግን እንቁላል ሆኗል። ማህተም እንቁላል የሚሆነው ምስሉ ሲንጋደድ ነው። አባቦራ፣ ፊልሙን ይጨምሩልን፤ ሰሌዳውን ደልድለው፣ ምንም ሳይሸጉጡ።»

አባቦራ ፊልሙን አስገቡ። ምስሉ ሰሌዳው ላይ ወረደ። ማህተሙ ክብ ሆነ። ሸዋረገጥ ማስመሪያ አጋደመች፤ ከምልክቷ ተነስቶ ከሁሉም ታች ባለው ስም ላይ አረፈ።

«ሽበሺ!» አለች ባህሪያ።

«ወልደሰማያት ሲያነሳው ቀጥ አድርጎ ነው ያነሳው» አለች ሸዋረገጥ። «የተንጋደደው ዛሬ ጠዋት ሲታጠብ ነው። የሰሌዳው ቀኝ ጎን ተነስቶ፣ ታች የነበረችው ምልክት ወደ ላይ ተሰብስባ ባህሪያ ትይዩ ደረሰች።»

«እጄ ስቶ ይሆናል» አለ ሽበሺ። «መድኃኒቱን ዓርብ ወስጃለሁ፤ ለእናቴ ቡና ነው። ማንጋደድ ማቃናት የሚሉትን ግን አላውቅም፤ እንዳላስተማረኝ ነግሬዎታለሁ።»

«ልክ ነህ» አለች ሸዋረገጥ በለሰለሰ ድምፅ። «አባቦራም ያሉኝ ይህንኑ ነው። በጅማ ይህን የሚችል ወልደሰማያት ብቻ ነበር፤ ጥበቡም አብሮት ተቀበረ። ትሪ አጣቢ ከየት ያመጣዋል? አሁን ይህን የጀርመኑን ዝርዝር እንኳ የሚያቃናልን ጠፋ።»

አባቦራ ሁለተኛውን ፊልም አስገቡ። ወረቀቱ ሲነሳ እርጥበት አቆልምሞት ኖሮ ምስሉ በቀኝ በኩል ተጨማዷል። አንድ የክብሪት ቀፎ በቀኙ ሸጎጡ፤ ባሰበት።

«ያ ረቢ!» አሉ አባቦራ። «ለዚህ ወልደሰማያትን ከመቃብር መጥራት ነው።»

የሽበሺ ጣቶች ወደ ቀፎው ተዘርግተው ተመለሱ።

«እሱ ቢኖር» አለች ሸዋረገጥ «በሦስት ቀፎ...»

«በሁለት!» ጮኸ ሽበሺ። «ወዲያ በሉ! በቀኝ አይደለም፣ በግራ ነው!» አባቦራን ገፍቶ ሁለት ቀፎ በግራው ጎን ሸጎጠ፤ አንዱን በጥፍሩ ትንሽ ሳብ አደረገ። እንቁላሉ ክብ ሆነ። «ስድስት ዓመት በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼዋለሁ! እሱ ሦስት ይፈልጋል፤ እኔ በሁለት!»

ሽበሺ እጁን ከሰሌዳው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

«አሁን ማስመሪያውን አንተ አጋድም» አለች ሸዋረገጥ።

አጋደመ። የወልደሰማያት ምልክት ያረፈችው ሽበሺ ስም ላይ ነበር።

«ሰኞ ዕለት» አለች ሸዋረገጥ ለተሰበሰቡት «ያልተቃናው ፎቶ እዚህ ገመድ ላይ ለመድረቅ ተሰቅሎ ነበር። ሽበሺ አየው፤ ምልክቷ ባህሪያ ትይዩ መሰለችው። ‹የጀርመን ሙሽራ› ያላት ለዚያ ነው፤ ፎቶውን ካላየ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ተናገረ። ዓርብ ለእናቱ ቡና የወሰደው መድኃኒት እጁ ላይ አለ። ማክሰኞ ፔርሙሱ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኋላ ምልክቱ እንዳያጋልጠው የመጋዘኑን ወረቀት አጠፋ። ከፊልሙ ግን መቁረጥ አልቻለም፤ ጥቅልሉ ቁጥር አለው፣ የጎደለ ቢገኝ በመንግሥት ሰነድ ይጠየቃል። ሲያጥበው ያን የሰረቀውን ጥበብ ተጠቀመበት። የቀናባቸውን ሁለቱንም ባንድ ጠርሙስ፤ ጌታውን ወደ መቃብር፣ ባህሪያን ወደ መኪናው።»

ወደ ሽበሺ ዞረች። «ከጅማ ሰው ሁሉ ማህተሙን አይተህ መንጋደዱን ማወቅ የምትችል አንተ ነበርክ። ቅናት ግን ማህተም አያይም። ምልክቷን ብቻ አየህ።»

ተናኘ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ሽበሺን በዘዴ ጀርመን እሰደዋለሁ ይለኝ ነበር፤ ‹ከእኔ ይበልጣል፣ ግን እንዳይኩራራ አልነግረውም› እያለ።»

ሽበሺ ሰሌዳው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ባህሪያ በሩ ጋ ከቆመችው እናቷ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆና ወደ ቦሳ አዲስ ስትሄድ፣ ሸዋረገጥ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው፤ ዶሮዎቹም ማሽኑም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ሽበሺ አለቀሰ ያልኩትን። አላለቀሰም። ፖሊሶቹ ክንዱን ሲይዙት ምስሉን ትኩር ብሎ አየና «ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን የክብሪት ቀፎ፣ በፀጉር ስፋት ያህል፣ አስተካከለው።